ካንተ አልነበረም

አንኮበር፣ ጎረቤላ
ጥር ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዘሥላሴ
ሞያሌ

ዘሥላሴዬ፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት ጤነኛ መሆንህን ልንገርህ። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፤ የተመረመረና የተጣራ ነገር ስለሆነ ነው። እማዬን የገደላት በሽታ ካንተ አልነበረም። እህታችንን ይመኙሻልንም የገደላት ካንተ አልነበረም። ይህን ደግመህ አንብበው። ከዚህ በታች ያለውን ባታነበው እንኳ ልነግርህ የፈለግሁት ደርሶሃል ማለት ነው።

ወረቀቱን የሰጠህ የዓሊዩ አምባው ዓብዱራህማን፣ አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንዲቀመጥ ለምኜዋለሁ። አደራህን፣ ሂድልኝ አትበለው፤ ወንበርህንም አታሽሽበት። በስልክ ባወራህ ደስ ባለኝ። ግን ቁጥርህን ሲጠይቅህ «ስልክ የለኝም» እንዳልከው ነግሮኛል። ሆዴ ቢባባም አልተቀየምሁህም።

እንዴት እንዳገኘህ ነግሮህ ይሆን? ባለፈው ጥቅምት ጭነት አድርሶ ሲመለስ መኪናው ተበላሽቶበት አንተ ካለህበት ጋራዥ ያስገባል። እዚያ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ጎኑ ላይ «እመቤቴ አትለይኝ» የሚል ጽሑፍ ያያል። ፊደሉ አንገቱ ወፍራም፣ እግሩ ቀጥ ያለ፣ የብራና ፊደል ነው። «የአባቴን ሱቅ ታፔላ የጻፈው እጅ ነው ብዬ ደነገጥሁ» አለኝ። ዞር ሲል አንተ ቀለም ይዘህ ቆመሃል።

እንደተመለሰ ዕቃውን ሳያራግፍ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ።

«ወንድምሽ በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት። እሱ ደስ አላለውም።

«ምነው? ታሟል እንዴ?»

«ኧረ ሲያስል እንኳ አልሰማሁትም። ግን ሥርጉት፣ ወላሂ፣ ራሱን እንደ መርዝ ነው የያዘው። ጣሳው ለብቻው ነው። ሰው ሲበላ እሱ በር ላይ ይቀመጣል። ሰው ፊት አያይም። የባለጋራዡ ትንሿ ልጅ ትወደዋለች፣ እየሮጠች ትመጣበታለች፤ እሱ ደግሞ ብድግ ብሎ ይሸሻታል። ልጅቱ ታለቅሳለች፣ እሱ ጀርባውን ይሰጣታል። ምን ሆነህ ነው ብለው፣ ሳንባዬ አለኝ።»

ያን ቀን ያለቀስሁትን ለቅሶ ለእማዬም አላለቀስሁ።

እንግዲህ ከሥሩ ልንገርህ። የምታውቀውን ስደግምልህ አትሰልች፤ አንተ የምታውቀው ሁላችንም ያን ጊዜ ያመንነውን ነውና።

ከጎጃም ከጉባኤ ቤት እያሳለህ መጣህ። በአንዲት ጎጆ ተፋፍጋችሁ ስታድሩ ከአንዱ ጓደኛህ የያዘህ ቲቢ ነበር። እማዬ አስታመመችህ፤ ጤና ጣቢያ እየተመላለስህ መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ጨርሰህ ዳንህ። አንተ ስትነሣ እሷ ተኛች። አንተን ያዳነህ መድኃኒት እሷ ላይ አልሠራ አለ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ብለው ደብረ ብርሃን ላኳት፤ ከዚያ አልተመለሰችም። ዓመቱ ሳይዞር ይመኙሻል ተከተለቻት። አንድ መድኃኒት አንተን አድኖ እሷን ለምን ሳያድን ቀረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ከውጭ እያሳለህ የመጣኸው አንተ ነበርህ፣ ሌላው የታመመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለሁላችንም ይህ በቂ ማስረጃ ሆነ።

ከዚያ የይመኙሻል አርባ ዕለት በድንኳኑ ውስጥ የሆነውን እኔ ልጽፈው አልችልም። አባባ ከቀሳውስቱ መካከል ተነሥተው «ቤቴን ያጠፋው ይህ ነው፤ እናቱን ገደለ፣ እህቱን ገደለ፤ ሳልህን ይዘህ ከደጄ ውጣ» ሲሉህ ዝም ብለህ ወጣህ። ያን ጊዜ ብትከራከር ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ። ግን አንተም አምነኸዋል፤ ማን ይከራከርልህ?

አንተ ከሄድህ በኋላ ስታቲስቲክስ ተማርሁ። ከተመረቅሁ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ቲቢ የሚያጠና ቡድን ዘንድ የመረጃ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። ቡድኑን የምትመራው ዶክተር አመተ ማርያም የምትባል ሴት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ። ሥራችን ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ በቲቢ ከታመሙ ሰዎች የተወሰደ አክታ ላቦራቶሪ ውስጥ በብርድ ተቀምጧል፤ የሞቱትም የዳኑትም። ከዚያ ውስጥ ባክቴሪያው ይወጣና ዘረመሉ ይነበባል።

ይነበባል ስልህ እውነቴን ነው። የባክቴሪያው ዘረመል በአራት ዓይነት ፊደል የተጻፈ፣ ከአራት ሚሊዮን ፊደል የሚበልጥ ረጅም ጽሕፈት ነው። ባክቴሪያው ሲራባ ራሱን ይገለብጣል። ይህን ካንተ የተሻለ የሚረዳ ሰው የለም። ዳዊት ስትጽፍ እንዳየኸው ነው፤ ጸሐፊ ሲቀዳ አንዳንዴ አንዲት ፊደል ይስታል፣ ከእሱ የቀዳው ደግሞ ያችኑ ስሕተት ይዞ የራሱን ይጨምርበታል። አንተ ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጠህ «ይሄኛው ከዚያኛው ነው የተቀዳው፤ ይሄ ግን የሌላ አገር ነው» ትለኝ አልነበር? እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። በሽታ ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ስሕተቱን እየተከተልን የትኛው ከየትኛው እንደመጣ የትውልድ ሐረግ እንሠራለን። የጎደለውን ደግሞ በስታቲስቲክስ እንሞላለን፤ ማን መቼ ታመመ፣ ማን ከማን ጋር ኖረ፣ በስንት ጊዜ አንድ ፊደል ይለወጣል እያልን ዕድሉን እናሰላለን።

ናሙናዎቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የማን እንደሆነ እንዳናውቅ ተብሎ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን አንድ ቀን የአንኮበርን መረጃ ስከፍት ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የታመሙበት ዓመት ተደርድሮ አየሁ። አንዲት እናት። ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጅ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ተማሪ። ዘሥላሴ፣ ቁጥር ብቻ ነበር፣ እኔ ግን የእማዬን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ወዲያው ተነሥቼ ዶክተር አመተ ማርያም ቢሮ ሄድሁና «ይህን ክፍል እኔ ልሠራው አይገባም፤ ቤተሰቦቼ ናቸው» አልኋት። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠችው። እኔንም አቀፈችኝ።

አባባ በዚህ መካከል እንደልማዳቸው ያስላሉ። ታስታውሳለህ፣ እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ነው የሚያስሉት። «በጣርማ በር ብርድ ያደገ ሰው ሳል ብርቁ ነው?» እያሉ ያስቁን ነበር። ወጣት ሳሉ አንድ ጊዜ የሳንባ መድኃኒት ጀምረው ሲሻላቸው እንደተዉት እማዬ ነግራኝ ነበር፤ እኔም ረስቼው ኖሬአለሁ። የጥናቱ ሠራተኞች የሚያስል ሰው ሁሉ ይመርመር ብለው ሰፈራችን ሲመጡ አክታ እንዲሰጡ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። «እንግዲህ ልጄ ከምትቆጪ» ብለው ሰጡ። ቲቢ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም መድኃኒት የተላመደው። ሕክምናውን ጀመሩ፤ አሁን መድኃኒቱ ተሻሽሏል፣ እንደ እማዬ ጊዜ አይደለም። ጨረሱት፤ ባክቴሪያው ከአክታቸው ጠፋ። ሳንባቸው ግን የቀረው ጥቂት ነው አለን ሐኪሙ።

ያንተን ጉዳይ ማወቅ መብታችን እንደሆነ ስለተነገረን ውጤቱ ሲወጣ በማመልከቻ ጠየቅን። የጥናቱን ሥነ ምግባር የሚቆጣጠሩት ሰዎች ከፈቀዱ በኋላ ዶክተር አመተ ማርያም አባባንና እኔን ጠራችን። የሆነውን ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፤ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

«አባ» አለች፣ «የልጅዎ የዘሥላሴና የባለቤትዎ በሽታ አንድ አይደለም።»

«አንድ አይደለም ማለት?»

«ዘሥላሴን ያመመው ሌላ ዘር ነው፤ ጎጃም ውስጥ ካገኘነው ጋር ነው የሚመሳሰለው። ከእናቱ ጋር በብዙ መቶ ፊደል ይለያያል። እሱ ለእናቱ ሊያስተላልፍላት አይችልም። ለእህቱም እንዲሁ።»

አባባ እጃቸውን ዘርግተው የጠረጴዛውን ጫፍ ያዙ። «በዚህ እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«በዚህ እርግጠኛ ነኝ።»

ከዚያ «እንኪያስ ከማን ነው?» አሉ።

«እሱን አንናገርም አባ። ይህን የምናጠናው ሰው ለመክሰስ አይደለም።»

«እኔም ሰጥቻለሁ። የኔን መጠየቅ እችላለሁ?»

ዶክተሯ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«የራስዎን መጠየቅ ይችላሉ» አለች ቀስ ብላ። «የእርስዎና የባለቤትዎ አንድ ዘር ነው። የልጅቱም። ግን አባ፣ ፊደሉ ብቻውን ማን ለማን እንደሰጠ በርግጥ አይናገርም። የእርስዎ ቀደም ያለ ይመስላል፤ ምናልባት ነው የምንለው።»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ሥርጉት፣ አንቺ ቁጥር ነው የተማርሽው። ምናልባቱ ስንት ነው?»

ልዋሽ እችል ነበር። ዶክተሯም ዝም ትለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን በሞያሌ ይሁን በሌላ አገር የት እንዳለህ እንኳ በማላውቅበት በዚያ ሰዓት አንተ ዓይኔ ላይ መጣህ፤ ከድንኳኑ ስትወጣ የነበረው ጀርባህ።

«ትልቅ ነው አባባ» አልኋቸው።

በመኪና ስንመለስ መስኮቱን ከፈቱት፤ ተሳፋሪው ብርድ ገባብን ብሎ ቢጮህም አልዘጉትም። ጎረቤላ ልንደርስ ስንል ብቻ «በሕዝብ ፊት ነው ያወጣሁት» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ እንዳበቃ ሰው ሊበተን ሲል አባባ መቋሚያቸውን ይዘው በደጀ ሰላሙ ቆሙ። ካባቸውን አውልቀዋል። ድምፃቸው እንደምታውቀው ነበር፤ በቅርብ የቆመ ሰው እንኳ ይህን ያህል እንደተጨነቁ አያውቅም ነበር።

«ወገኖቼ፣ ልጄን ዘሥላሴን በፊታችሁ አዋርጄ አባርሬዋለሁ። እናትህን ገደልህ ብዬዋለሁ። እሱ ንጹሕ ነው። ሳሉ የኔ ነበር። ባለቤቴንም ልጄንም ያሳጣኝ በደረቴ የኖረው በሽታ ነው። በፊታችሁ እንዳባረርሁት በፊታችሁ መስክሬለታለሁ። እናንተም ይቅር በሉኝ።»

አንዳንዱ አለቀሰ። አንዳንዷ ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች፤ አይቻለሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ማኅደረማርያም ግን ሰው መካከል ገብታ እጃቸውን ያዘች። እሷንም ያው በሽታ ይዟት ነበር። የያዛት ባክቴሪያ ከአባባው ዘር ጋር ስለተገናኘ ቡድኑ ፈጥኖ ደርሶባት፣ ታክማ ድናለች። «ሁላችንም እናስላለን አባቴ፤ ማን በሳሉ ሰው ልግደል ብሎ ያስላል?» አለቻቸው።

አባባ ግን ከዚያ ወዲህ መስቀላቸውን ለማንም አላሳለሙም። በመስቀል መሳለም ቲቢ እንደማይተላለፍ፣ ደግሞም አሁን ከማንም ጋር ቢውሉ እንደማያስተላልፉ እኔም ሐኪሙም ስንት ጊዜ ነገርናቸው። «እሺ» ይላሉ፣ ሰው ሲመጣ ግን መስቀሉን ወደ ብብታቸው ይከቱታል። ቅዳሴ በውጭ በኩል ከዛፍ ሥር ቆመው ያስቀድሱ ነበር።

ዓብዱራህማን ያንተን ወሬ ይዞ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ለአባባ ስነግራቸው ስለ ጣሳህና ስለ ትንሿ ልጅ መናገሩን ትቼው ነበር። ከእሱው ጠይቀው ሰሙት።

ታኅሣሥ ላይ «ከዓብዱራህማን ጋር ልሄድ ነው» አሉ። ከአልጋ ወደ በር ሲሄዱ እንኳ የሚያርፉ ሰው ናቸው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የሰነበተ ነው። ለመንኋቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ አይሆንም አሉ። «ደብዳቤ ጻፊለት አትበይኝ። አፌ ያወጣውን አፌ ነው የሚመልሰው» አሉኝ። ሄዱ። ከሳምንት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ከመኪናው ያወረድናቸው ተሸክመን ነው።

«አገኙት አባባ?» አልኋቸው።

«አላገኘሁትም» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አመንኋቸው። እውነቱን የሰማሁት በሌላ ጊዜ ዓብዱራህማን ሊጠይቃቸው መጥቶ ሲወጣ ስሸኘው ነው። የነገረኝን የምነግርህ አንተም ታስታውሰዋለህ ብዬ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በጋለበት ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ ጋራዡ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ጥምጣም የለውም። ፊቱን በነጠላ እስከ ዓይኑ ሸፍኗል። ከስቷል፤ ልብሱ የሌላ ሰው ይመስላል። ያን ሽማግሌ አይተህ ወንበርህን አነሣህና ጥላ ሥር አምጥተህ አስቀመጥህለት። ውኃም በአዲስ ኩባያ ቀድተህ ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ አኖርህለትና ወደ ኋላ ተመለስህ። ሽማግሌው እጁን ወደ አንተ ሲዘረጋ፣ ዓይንህን መሬት ላይ አድርገህ እንዲህ አልኸው፦

«አባቴ፣ ወደ እኔ አይጠጉ። ጤና የለኝም።»

አባባ ነበሩ፣ ዘሥላሴ።

ዓብዱራህማን ከመኪናው ሆኖ ያይ ነበር። «አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልሁ ጠበቅሁ» አለኝ። ውኃውን ጠጡ። ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ መኪናው መጡ። ምነው ሲላቸው፣ «ወደ እኔ አትጠጉ ማለትን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ በምን አፌ ልጄ ልበለው?» አሉት። ልመልስዎት፣ እኔ ልንገረው ቢላቸው እምቢ አሉ። መኪናው ሲነሣ ግን መስኮቱን ይዘው ወደ ኋላ ሲያዩህ ነበር አለኝ፤ አንተም ወንበሩን ልታነሣ ስትወጣ፣ መንገዱ እስኪታጠፍ።

ስለዚህ አልመጡልኝም አትበል። መጥተዋል። አንተም አላሳፈርሃቸውም፤ ማን መሆናቸውን ሳታውቅ ጥላ ሰጠሃቸው፣ ውኃ አጠጣሃቸው። ለአንድ አባት ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? አንተ «በዚያች ሰዓት ቀና ብዬ ባየሁ» እያልህ ራስህን እንደምትበላ አውቃለሁ። አትብላ። ቀና እንዳትል ያደረግንህ እኛ ነን።

እኔስ ምን ተሰማሽ ትለኝ ይሆናል። ይህን ሥራ ባልገባሁበት፣ ያን መረጃ ባልከፈትሁት ያልሁበት ቀን ብዙ ነው። አባባን ያን አክታ ስጡ ባልላቸው፣ እንደ ብርድ ሳል ይዘውት ቢኖሩ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ የወይዘሮ ማኅደረማርያም ሳቅ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ከዚያ አንተ በር ላይ ብቻህን ስትበላ ይታየኛል። የሞተው ሁለት ሰው ነው ስንል ኖርን፤ ሦስተኛው በቁሙ ሞያሌ ላይ እንደተቀበረ ግን ማንም አልቆጠረውም። ሥራዬን አልተውሁም። ልብ ሳይሰበር የሚገኝ እውነት ቢኖር ኖሮ እሱን በመረጥሁ።

አሁን ልመናዬን ስማኝ። ና። ዓብዱራህማን መኪናውን ይዞ የሚመለሰው ካንተ ጋር ነው፤ ቀለምህን ለባለጋራዡ አስረክበህ አብረኸው ተነሥ። ልጅቱን ሳታቅፋት እንዳትወጣ። እቀፋት፣ ምንም አትሆንም፤ አንተ ከዳንህ ዘመን ሆኖሃል።

ከደብረ ብርሃን ወዲህ የሚያውቅህ ሰው ብታገኝ ሰላም ብለህ እለፍ እንጂ ስለ ቤት ማንንም እንዳትጠይቅ። ሊነግርህ የሚሞክር ቢኖርም ዓብዱራህማን ያሳልፍሃል። ወደ ደብሩም ወደ ሌላም ሳትል በቀጥታ እኔ ዘንድ ና። ቤቱ በሰው ስለሞላ አትደንግጥ። አጎታችን ጋሼ ሰይፈሥላሴ ከመዘዞ ከነቤተሰባቸው መጥተው እዚሁ ሰንብተዋል። ሰሞኑን ሁላችንም መሬት ላይ አንጥፈን ነው የምንተኛው፤ ያንተም ቦታ ተይዞልሃል፣ በመካከላችን ነው፣ በር ላይ አይደለም።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ በጣም ናፍቀውሃል። ወይዘሮ ማኅደረማርያም «የልጄን አንገት ሳላቅፍ አልሞትም በይልኝ» ብላለች። ዶክተር አመተ ማርያምም ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ውላ ሄደች፤ አንተን በዓይኗ ልታይ ትፈልጋለች።

የእማዬ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከፊትህም ከኋላህም ይሁንልህ። ልብህን ያጽናልህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ።

የአባባን ሰላምታ በዚህ ወረቀት አልላክሁልህም። ለዘሥላሴ ንገሪልኝ ብለው የሰጡኝ ቃል አለ። ስትመጣ ይዤህ ተቀምጬ በአፌ እነግርሃለሁ።

እህትህ
ሥርጉት ወልደ ሰንበት